በአፍንጫው በኩል ወደ ሸራ ጀልባ መውጣት

ስቶክሆልም የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ በጋ ሲመጣ አንድ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት «ቅዳሜ ጀልባ ላይ አብረን እንዋል» ብሎ ሳይጋብዛችሁ አይቀርም። ግብዣው ሲመጣ የምናስበው ስለ ሸራው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዋና ነው። እንግዳን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ቅጽበት ግን ጀልባው ታስሮ ሲቆም ነው የሚመጣው። ከቋጥኙ ወይም ከእንጨት መቆሚያው ተነስቶ በጀልባው አፍንጫ በኩል ወደ ላይ መውጣት አለበት። ከፊቱ ውሃ አለ፣ ከውሃው በላይ ደረቱ ድረስ የሚደርስ ግድግዳ አለ፣ በግድግዳው አናት ላይ ደግሞ የብረት አጥር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን አይቶ «እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ማንም እዚያ መቅረት የለበትም ባይ ነኝ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከገባን ከባድ የሚመስለው እርምጃ በጣም ይቀላልና።

መጀመሪያ ግን፣ ለምን በአፍንጫው? ጀልባን እንደ አውቶቡስ በጎኑ አስጠግቶ መቆም አይቻልም ወይ?

ይቻላል፤ ቦታ ካለ። ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያለው የሸራ ጀልባ በጎኑ ሲቆም ዘጠኝ ሜትር ይይዛል፣ በአፍንጫው ሲቆም ግን ሦስት ሜትር ያህል ይበቃዋል። በበጋ በሚጨናነቅ ወደብ ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ስለዚህ በስዊድን ወደቦች ጀልባዎች ፊታቸውን ወደ መቆሚያው አዙረው በረድፍ ይቆማሉ፣ ኋላቸው ደግሞ ውሃው ውስጥ ከተተከለ ተንሳፋፊ ኳስ ጋር ይታሰራል። በዴንማርክና በጀርመን የባልቲክ ዳርቻ በኳሱ ፋንታ ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ግንዶች ይተከላሉ። መልኩ ይለያያል እንጂ መግቢያው ያው ፊት ለፊት ነው።

ከወደብ ወጥተን ወደ ደሴቶቹ ስንሄድ ደግሞ ምክንያቱ ይጠናከራል። የስቶክሆልም ደሴቶች ትንንሾቹ ቋጥኞች ሳይቀሩ ሲቆጠሩ ወደ 30,000 ይጠጋሉ። አብዛኞቹ መቆሚያ የላቸውም። ስዊድናውያን «አሌማንስሬተን» በሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በሕገ መንግሥታቸው ላይ በሰፈረው የሕዝብ መብት መሠረት ግን ከሰው ቤት እስከራቃችሁና ተፈጥሮን እስካልጎዳችሁ ድረስ በባዶ ደሴት ዳርቻ ጀልባ አስራችሁ ማደር ትችላላችሁ። ወፎች የሚፈለፈሉባቸውና ሰሌዳ የተተከለባቸው ደሴቶች ግን በየወቅቱ ይዘጋሉ። እንግዲህ የጀልባው ባለቤት ቀስ እያለ ወደ ቋጥኙ ይቀርባል፤ ሦስት አራት የጀልባ ርዝመት ሲቀረው ከኋላ መልህቅ ይጥላል፤ የመልህቁን ገመድ እየለቀቀ አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ ያስጠጋል። ከፊት ሁለት ገመዶች በግራና በቀኝ ሰፋ ተደርገው ይዘረጋሉ፣ ከዛፍ ጋር ይታሰራሉ፤ ዛፍ ከሌለ ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ በሚመታ የብረት ችካል ላይ። የኋላው መልህቅ ወደ ባሕር ይጎትታል፣ የፊቶቹ ገመዶች ወደ መሬት ይጎትታሉ፣ ጀልባው በመካከላቸው ተወጥሮ ይቆማል።

በኋላው ማስጠጋት ለምን አልተፈለገም ካላችሁ፣ መልሱ ውሃው ሥር ነው። የጀልባው መሪ፣ ያ አቅጣጫ የሚያስይዘው ሰሌዳ፣ ከኋላ ወደ ታች ወርዶ ይገኛል፤ ድንጋይ ቢነካው ይሰበራል። ከሆዱ መካከል የሚወርደው ከባዱ ክብደት፣ ኪል የሚሉት፣ ደግሞ ከአፍንጫው ብዙ ሜትር ወደ ኋላ የራቀ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው የጀልባ አካል ከፊት በኩል ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ወደ መሬት ለመቅረብ ከአፍንጫው የተሻለ ክፍል የለም። በግሪክ ደሴቶችም ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ያላቸው ብዙ ሰዎች በግንብ ወደቦች በአፍንጫ የሚያስሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከግንቡ ሥር ብዙ ጊዜ የፈረሰ ድንጋይ ተከምሮ ይገኛልና።

እዚህ ላይ ስለ ባልቲክ ባሕር አንድ የምወደውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ የሚቻለው ባሕሩ የየቀኑ ሙላትና ጉድለት የለውም ለማለት ስለሚያስደፍር ነው። ባልቲክ ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኘው በዴንማርክ ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ስለሆነ ጨረቃ የምትስበው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ልዩነቱ ሳንቲ ሜትሮች ብቻ ነው። ንፋስና የአየር ግፊት ውሃውን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፣ ያ ግን በዝግታ የሚመጣ ነው። በፈረንሳይ ሰሜናዊ ዳርቻ በሳን ማሎ ውሃው በስድስት ሰዓት ውስጥ 12 ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ አፍንጫውን ከቋጥኝ ጋር ያሰረ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ጀልባውን ተንጠልጥሎ ያገኘዋል።

ቋጥኙም ራሱ ታሪክ አለው። ከ10,000 ዓመታት በፊት ገደማ የቀለጠው ታላቁ የበረዶ ንጣፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲንሸራተት የደሴቶቹን ሰሜናዊ ጎን እንደ መስተዋት አለስልሶታል፣ ከደቡቡ ጎን ደግሞ ድንጋዩን እየነቀለ ገደል ትቶበታል። ለስላሳው ጎን ለመተኛትና ፀሐይ ለመሞቅ ድንቅ ነው፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ወደ ውሃ ስለሚወርድ ጀልባው ገና ሩቅ ሳለ ይነካል። ገደላማው ጎን ደግሞ ወዲያው ስለሚጠልቅ አፍንጫው እስከ ጫፉ ይጠጋል። ስለዚህ ወደ ጀልባ መውጣትን ማቅለል የሚጀምረው ቦታ ከመምረጥ ነው። ባለጀልባዎች ካርታ ላይ ጣታቸውን እያሄዱ ረጅም ሰዓት ሲከራከሩ ብታዩ፣ አንዱ የሚከራከሩበት ጉዳይ እግራችሁ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ እርምጃው እንምጣ። አንድ ነጠላ ችግር ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው በመሬቱና በአፍንጫው መካከል ያለው ውሃ ነው፣ ስፋት እንበለው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ላይ ስትደርሱ በየት በኩል እንደምትገቡና ምን እንደምትይዙ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ስታዩ ለእያንዳንዱ መፍትሔው ይለያያል፤ አንድ ውድ መሰላል ገዝቶ ሦስቱንም ለመፍታት መሞከር ግን ብዙ ሰው የሚሄድበት የተሳሳተ መንገድ ነው።

ስፋቱን የሚፈታው ገመድ ነው፣ ያውም ያለ አንዳች ወጪ። ጀልባው ሌሊት ከድንጋዩ እንዳይጋጭ ሆን ተብሎ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተስቦ ነው የሚቆመው። እንግዳው የሚያየው ይህን ክፍተት ነው፣ ክፍተቱም ቋሚ ይመስለዋል። ቋሚ ግን አይደለም። ሦስት ቶን የሚመዝን ጀልባ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በዝግታ ለሚስበው ሰው እምብዛም አይከብድም። አስቡት፦ 10 ኪሎ ዕቃ ለማንሳት የምታወጡትን ያህል ኃይል ብቻ አውጥታችሁ የፊቱን ገመድ ብትስቡ፣ ከኋላ የሚይዘው ከሌለ፣ ጀልባው በአምስት ሴኮንድ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እናንተ ይመጣል። በመጀመሪያው ሴኮንድ ምንም የተንቀሳቀሰ አይመስልም፤ ትዕግሥት የሚፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሰው የማይንቀሳቀስ መስሎት በሙሉ ጉልበቱ ይጎትታል፣ ከዚያ ጀልባው አንዴ ከተነሳ አይቆምለትም። ቀስ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ ሳቡት።

«ከኋላ የሚይዘው ከሌለ» ያልኩት ላይ ነው ጥበቡ ያለው። የኋላው ገመድ ተወጥሮ ከታሰረ ከፊት የቱንም ያህል ብትስቡ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ገመዱን ያላላል፣ ሌላው ከፊት ይስባል፣ አፍንጫው ድንጋዩን ሊነካ ሲል እንግዳው ይወጣል፣ ከዚያ የኋላው ሰው መልሶ ይወጥራል። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ የኋላውን ገመድ ጫፍ በጀልባው ጎን በኩል ወደ ፊት አምጥቶ አፍንጫው አጠገብ ያስረዋል፤ ያኔ በጀልባው ወለል የፊት ጫፍ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ገመድ በእጁ ማድረግ ይችላል። ሌላው መላ የሚለጠጥ የናይለን ገመድ መጠቀም ወይም በኋላው ገመድ ላይ የጎማ መለጠጫ ማስገባት ነው። በመሬት ያለ ሰው ሲስበው ይለጠጣል፣ ሲለቀው ጀልባውን መልሶ ወደ ቦታው ይወስደዋል፤ ከኋላ ማንም ባይኖርም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን በጽኑ እለምናችኋለሁ። ጀልባው ወደ ድንጋዩ ሲመጣ እግራችሁን ወይም እጃችሁን በመካከል አታስገቡ። ዝግታው ያታልላል። ሦስት ቶን በሕፃን ልጅ እርምጃ ፍጥነት ሲመጣ እንኳን እግር ይሰብራል። ለመከላከያ በአየር የተሞላ የጎማ ትራስ አለ፤ እሱ ይጨፍለቅ።

ከፍታውን ለመረዳት የጀልባ አፍንጫ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደተለወጠ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1942 የተወለደውና እስከ ዛሬ በሰሜን አውሮፓ የሚወደደው ፎልክቦት 7.68 ሜትር ርዝመትና 2.20 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ጀልባ ነበር። ጎኑ ከውሃ ብዙም ከፍ አይልም፣ አፍንጫውም ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ከውሃው በላይ ይወጣል። ይህ ዘንበል ማለት ለወጪና ገቢው በረከት ነው፤ ከሥር ያለው አካል ገና ውሃ ውስጥ ሳለ የወለሉ ጫፍ ቋጥኙ ላይ ደርሷል። ዛሬ የሚሠሩት ጀልባዎች ግን አፍንጫቸው ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። ውሃ የሚነካው ርዝመት ሲጨምር ጀልባ ይፈጥናል፣ ውስጡም ይሰፋል፣ ስለዚህ ንድፍ አውጪዎቹን መውቀስ አይቻልም። ውጤቱ ግን ቀጥ ያለው አፍንጫ ከታች ድንጋዩን ቀድሞ መንካቱ፣ ወለሉም ከውሃ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ ነው። የድሮ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ያለ መሰላል ኖረዋል፤ አዲስ የገዙት ግን መሰላል የግድ ሆነባቸው።

መሰላል ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። የወለሉ ፊት ከውሃ 1.30 ሜትር ከፍ ቢል፣ መቆሚያው ደግሞ ከውሃ ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል፣ የሚቀረው 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ቤት ውስጥ የምንወጣው አንድ ደረጃ ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። 80 ሳንቲ ሜትር ማለት አራት ከግማሽ ደረጃ በአንድ ዝላይ መውጣት ነው፤ ወጣት ያደርገዋል፣ እናቶቻችን አያደርጉትም። በመካከል ሁለት መርገጫ ብታስገቡ ግን እያንዳንዱ እርምጃ 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ከታክሲ መርገጫ ብዙም አይርቅም። ልብ በሉ፣ ሁለት መርገጫ ብቻ። አራትና አምስት መርገጫ ያለው ረጅም መሰላል የሚያስፈልገው ዝቅ ካለ ቋጥኝ ለሚወጣ ወይም ከዋና በኋላ ከውሃ ውስጥ ለሚወጣ ሰው ነው።

የአፍንጫ መሰላል ከሌላ መሰላል የሚለየው መያዣው ላይ ነው። ከላይ በኩል ወለሉ ላይ ወይም የፊተኛው መልህቅ በሚያርፍበት የብረት መያዣ ላይ በሁለት ወፍራም ፒኖች ይገባል፤ ሲፈለግ ተነቅሎ ታጥፎ ይቀመጣል። ከታች በኩል ደግሞ የጎማ እግር ኖሮት በጀልባው አፍንጫ ላይ መደገፍ አለበት፣ ካልሆነ ሰው ሲረግጠው ወደ ውስጥ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው መሰላሉን በብረት አጥሩ ላይ በመንጠቆ ያንጠለጥላል። አጥሩ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የማይዝግ ቱቦ የተሠራና በጥቂት ብሎኖች ወለሉ ላይ የታሰረ ነው፤ ሰው እንዳይወድቅ ለመያዝ እንጂ የሰውን ሙሉ ክብደት ወደ ታች ለመሸከም አልተተከለም። ዓመት ዓመት ሲረገጥ የብሎኖቹ ሥር ይላላል፣ ውሃም ወደ ውስጥ መንጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ክብደቱ ወለሉ ላይ ወይም የመልህቅ መያዣው ላይ ይረፍ።

ሦስተኛው ችግር፣ በሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ጠጋ ብላችሁ የአንድን የሸራ ጀልባ አፍንጫ እዩት። ሦስት ነገሮች በአንድ ጠባብ ቦታ ይጋፋሉ። መጀመሪያ ራሱ የብረት አጥሩ ነው፤ በድሮ ጀልባዎች ዙሪያውን ዝግ ስለሆነ እግርን ከወገብ በላይ አንስቶ መሻገር ይጠይቃል። ቀጥሎ የፊተኛው መልህቅ አለ፣ አፍንጫው ላይ ተንጋሎ ሹል ጫፉን ወደ ሰው ቅልጥም የሚያዞር። ከዚያ ወለሉ ላይ የፊተኛውን ሸራ የሚጠቀልለው ከበሮ፣ ትንሽ ድስት የሚያህል ክብ ነገር፣ እግር ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ያን ከበሮ የሚረግጥ ሰው ይሽከረከርበታል። ለዚህ ነው እንግዳው መሰላሉን ወጥቶ ከላይ ሲደርስ ድንገት የሚቆመው፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም።

ስካንዲኔቪያውያን በአፍንጫ ማሰርን ባህል ስላደረጉት መልሱንም እነሱ ዘንድ ታገኙታላችሁ። አጥሩ ከፊት በኩል ክፍት ይሆናል፣ ሁለቱ ጎኖቹም ለእጅ መያዣ ይሆናሉ። ከክፍቱ ፊት ለፊት አንድ ትንሽ የእንጨት መርገጫ ከአፍንጫው ትንሽ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ መልህቁንና ከበሮውን አልፎ እግር የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ ይሰጣል። አንዳንድ አዳዲስ ጀልባዎች ከበሮውን ከወለሉ በታች ቀብረውታል፣ የተዘጋ አጥር ያለው የድሮ ጀልባም በጥሩ ብየዳ ባለሙያ እጅ ፊቱ ተቆርጦ ሊከፈት ይችላል። ሲቆረጥ ግን ጥንካሬው ስለሚቀንስ በየጎኑ ተጨማሪ እግር ይበየድለት። ይህንን ሁሉ ማድረግ ለማይችል ባለጀልባ ደግሞ ቢያንስ ወደብ ሲገባ መልህቁን ከቦታው አንስቶ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን የእናንተ ተራ። ቦርሳ፣ የምግብ ዕቃ፣ የሕፃን ጋሪ አስቀድማችሁ ለሰው አቀብሉ፤ ሁለት እጅ ባዶ መሆን አለበት። ጫማችሁ ለስላሳ ጎማ ያለው ይሁን፣ እርጥብ ግራናይት ላይ ያለው ጥቁሩ የዋቅላሚ ሽፋን እንደ ሳሙና ነውና ከውሃው ጠርዝ ጥቁር መስመር በላይ ቁሙ። ከዚያ መጀመሪያ እጅ ነው፤ የአጥሩን ሁለት ጎን በሁለት እጅ ያዙ፣ አጥሩ የተተከለው እንዳትወድቁ ለመያዝ ነው። እግር ሲነሳ ሁለቱ እጆችና አንዱ እግር ቦታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስትረግጡ አፍንጫው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ አትደንግጡ። ጀልባው ከፊት ጠባብ ስለሆነ ክብደታችሁን የሚሸከም ውሃ እስኪያገኝ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይቆማል። በርጋታ ቀጥሉ፣ አትዝለሉ። መዝለል ጀልባውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ክፍተቱም ልክ እግራችሁ አየር ላይ ሳለ ይሰፋል። ስትወርዱ በመሰላሉ ከሆነ ፊታችሁን ወደ ጀልባው አዙሩ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊውን ጃኬት ከመሬት ሳትነሱ ልበሱ፣ ጀልባ ላይ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ መውደቅ ካለ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

ከፍ ባለ የግንብ ወደብ ነገሩ ተገልብጦ መቆሚያው ከጀልባው ይበልጥ ከፍ ሊል ይችላል። ያኔ መሰላል አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ጠንካራ ሳንቃ ነው። የጀልባው ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ በመሬት ያለው ጫፉ ግን ነፃ ሆኖ በትንንሽ ጎማዎች ላይ ያርፋል፣ ጀልባው ሲወዛወዝ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት። ሁለቱንም ጫፍ የሚያስር ሰው ሳንቃውን ይሰብረዋል።

ጀልባ ያላችሁ ወይም ልትገዙ የምታስቡ ወዳጆቼ፣ ወደ ዕቃ መሸጫው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ የኋላ ገመዳችሁን ወደ ፊት አምጥታችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ ሜትር ያዙና የጎደለውን ቁጠሩ፤ መሰላሉን በዚያ ልክ ግዙ። እንግዳ የሆናችሁ ደግሞ አፍንጫው ፊት ስትቆሙ አትፈሩ፣ አንፈራም ብላችሁም አትዝለሉ። ለባለጀልባው «እባክህ የኋላውን ገመድ ትንሽ አላላልኝ» በሉት። ሥራውን የሚያውቅ ባለጀልባ ሁሉ ወዲያው ያላላላችኋል።